ከክፍል የወጣው መምህር፦ የፓድሪግ ኦኪፍ ሕይወትና የፖልካ ዜማ

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ ኬሪና ኮርክ የተባሉት አውራጃዎች በሚዋሰኑበት ኮረብታማና ረግረጋማ ምድር፣ ሽሊቭ ሉክራ የሚባል አካባቢ አለ። ፓድሪግ ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ አካባቢ፣ በካስልአይላንድ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በግላውንታን መንደር ነው። አባቱ የመንደሪቱ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበር፤ የሙዚቃው ተሰጥዎ ግን የመጣው ከእናቱ ወገን ነው። ልጁም በአባቱ እግር ተተክቶ አስተማሪ ሆነ። ሆኖም የደወልና የመዝገብ ኑሮ አልተስማማውም፤ መጠጥም ይወድ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበተ። አሰናባቾቹ ተሳሳቱ ለማለት አያስደፍርም፤ ሕፃናት በሰዓቱ የሚገኝ አስተማሪ ይገባቸዋልና።

ይሁን እንጂ እኛን የሙያ ባልደረቦቹን የሚመለከተው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኦኪፍ የተለየው ከክፍሉ እንጂ ከማስተማሩ አልነበረም። ከአርባ ዓመታት በላይ በእግሩ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ የገበሬዎችን ልጆች በየቤታቸው ቫዮሊንና አኮርድዮን አስተማረ። የተለመደውን ኖታ ማንበብ ለማይችሉት ተማሪዎቹም የራሱን አጻጻፍ አበጀ። በአምስቱ የኖታ መስመሮች መካከል ያሉት አራት ክፍተቶች የቫዮሊኑን አራት ክሮች ይወክላሉ፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚሰፍረው ቁጥር ክሩን የሚጫነውን ጣት ያመለክታል። ዜሮ ከተጻፈ ጣት አያርፍበትም። ለአኮርድዮንም ሌላ የቁጥር ዘዴ ነበረው። በዚህ ዓይነት የሁለት መቶ ገጽ መማሪያ መጽሐፍ የሚጠይቀውን ትምህርት አንድ ብጣሽ ወረቀት ተሸከመው።

በወረቀቱ ላይ በብዛት ከሚጻፉት ዜማዎች አንዱ ፖልካ ነበር። ፖልካ በትውልዱ አየርላንዳዊ አይደለም፤ ከቦሔሚያ ተነሥቶ በ1840ዎቹ ፓሪስንና ለንደንን ካጥለቀለቀ በኋላ የገባ እንግዳ ነው። በሽሊቭ ሉክራ ግን ባላገር ሆነ። አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ዜማው በሁለት ምት ፈጠን ብሎ ይሄዳል፤ ጥንዶቹም እየተሻገሩና እየተሽከረከሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ዜማው አጭር በመሆኑ አዋቂ ለመምሰል ያመቻል፤ ነገር ግን የተጫዋቹ ቀስት ጥቂት ከዘገየ ስምንቱም ሰዎች ያውቁበታል። ኦኪፍ ራሱ ይበልጥ የተደነቀው በዝግታ በሚሄዱት የእንጉርጉሮ ዜማዎቹ ቢሆንም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጨፍር የሚፈለገው ፖልካ ስለ ነበር ያንኑ አስተማረ።

በ1935 ዓ.ም. የወጣው የዳንስ አዳራሾች ሕግ ሕዝባዊ ጭፈራን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ሲያደርግ፣ በየቤቱ ይደረግ የነበረውም ጭፈራ ተጎዳ። ዜማው ግን በተማሪዎቹ እጅ ቆየ። ከእነርሱም መካከል ዴኒስ መርፊ፣ እኅቱ ጁልያ ክሊፈርድና የአኮርድዮን ተጫዋቹ ጆኒ ኦሊሪ ይገኛሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሼመስ ኤኒስ የኦኪፍን ጨዋታ ለራዲዮ ቀዳ። ኦኪፍ በ1963 ዓ.ም. አረፈ። ከዚያ በኋላ መርፊና ኦሊሪ በኖክናግሪ መንደር በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ለዳንሰኞች ይጫወቱ ጀመር፤ መርፊ በ1974 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም ኦሊሪ ለብዙ ዓመታት ቀጠለበት። ተማሪዎቹም የመምህራቸውን የቁጥር ወረቀቶች በየቤታቸው አኑረዋቸው ነበር።