አስፈሪ ትረካና ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ

አስፈሪ ታሪክ መውደድ ከውጭ ልብ ወለድ ጋር ወደ አገራችን የገባ ልማድ አይደለም። ሰው ስለሚበላው ሰው የሚናገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ በተአምረ ማርያም ተጽፎ ለዘመናት ሲነበብ ኖሯል። መጽሐፉ በየበዓሉ እንዲነበብ የደነገጉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1399 ተወለዱ። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነበር። የቦረናው ጋስጫ ገዳም አባት አባ ጊዮርጊስም የዳዊትን ልጆች እንዳስተማሩ በትውፊት ይነገራል። ዘርዓ ያዕቆብ መሳፍንት በግዞት ይጠበቁበት ከነበረው ከግሸን አምባ ወርደው በ1434 ዙፋን ያዙ።

በላዔ ሰብእ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰዎችን በላ። አንድ ቀን ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀንም ያቺ ውሃ በምልጃዋ ሚዛን ደፋች። ድርጊቱ ባይዘገንን ኖሮ ጥርኟ ውሃ ባልከበደች ነበር። ተራኪው ጭካኔውን ሳይሸሽግ የሚዘረዝረው ለዚህ ይመስላል። አድማጩም እየዘገነነው የሚሰማው ከፍርሃቱ መውጫ በር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በገዛ ቤቱ የሚደርስ ፍርሃት እንዲህ ያለ በር የለውም።

ይህ በራሳቸው በንጉሡ ሕይወት ታይቷል። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ መተትንና አጋንንትን እጅግ በመፍራታቸው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥታቸው ካህናት ያለማቋረጥ ይጸልዩና ጠበል ይረጩ ነበር። ደስክና ዲኖ የተባሉ አማልክትን አምልከዋል የተባሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ብርቱ ቅጣት ደርሶባቸው ከፊሎቹ ሞቱ። ልጇን ለማንገሥ ታሴራለች ተብላ የተከሰሰችው ጽዮን ሞገሳም ከግርፋት የተነሳ ሕይወቷ አለፈ። ብዙ ድርሳናት ያስጻፉ፣ በ1445 በጎሚት ጦርነት ድል ያደረጉ ንጉሥ መሆናቸው ይህን አያስቀረውም።

ከእናቱ ጋር የተቀጣው ልጅ በእደ ማርያም ኋላ ከአባቱ ጋር ታረቀ። ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 ሲያርፉ መንበሩን የወረሰውም እርሱ ነው። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ዛሬም በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል።