የሳሞሱ ሽማግሌ
የቴሚስቶክሊስ ሶፉሊስ የሕይወት ታሪክ

በሂሳብ ክፍል የፒታጎራስን ደንብ ያልተማረ በመካከላችን አይገኝም። ፒታጎራስ የተወለደባት ሳሞስ ከትንሹ እስያ ጠረፍ አጠገብ ያለች የግሪክ ደሴት ናት። በዚያችው ደሴት፣ ቫቲ በተባለው ከተማ፣ በ1860 ዓ.ም. ሌላ ሰው ተወለዱ፤ እኚህም ቴሚስቶክሊስ ሶፉሊስ ናቸው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መኾኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።) ለዚህ የበዓል መጽሔት የእኚህን ሰው ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት፣ በአንድ ወገን ዘውድ፣ በሌላ ወገን ጠመንጃ ያነሣ የጫካ ጦር ሲቆም፣ በመካከል የሚገኝ የፖለቲካ ፓርቲ ምን እንደሚደርስበት የእርሳቸው ሕይወት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

በተወለዱበት ጊዜ ሳሞስ ለቱርክ ሱልጣን የምትገብር ብትኾንም፣ ክርስቲያን መስፍን የሚሾምላትና የራስዋ ምክር ቤት ያላት ደሴት ነበረች። ሶፉሊስ በአቴና ከዚያም በጀርመን አገር ተምረው የአርኬዎሎጂ ሊቅ ኾኑ፤ በ1895 የጥንታዊቱን የሜሴኔን ከተማ ፍርስራሽ ካስቆፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚሁ ሥራ ቢቀጥሉ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናገኘው በቤተ መዘክር መዝገብ ብቻ ይኾን ነበር። ነገር ግን በ1900 ወደ ደሴታቸው ፖለቲካ ገቡ። በ1908 ከመስፍኑ ጋራ ተጋጭተው፣ የቱርክም ወታደር በደሴቲቱ ላይ ስለ መጣ፣ ሸሽተው ወደ ግሪክ ተሻገሩ። በ1912 ግን ጥቂት ወዶ ዘማቾች አስከትለው ተመለሱና የቱርክን ጦር አስወጥተው፣ ሳሞስ ከግሪክ ጋራ መዋሐድዋን የደሴቲቱ ምክር ቤት እንዲያውጅ አደረጉ። እንግዲህ በኋላ ዘመን ስለ ሽምቅ ተዋጊዎች ሲፈርዱ፣ እርሳቸውም በጐልማሳነታቸው ጠመንጃ ያነሡ ሰው እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም።

በዋናው አገር የታላቁን የቬኒዜሎስን ሊበራል ፓርቲ ተከተሉ። ቬኒዜሎስና ንጉሥ ቆንስጠንጢኖስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስለ ተጣሉ፣ ሕዝቡ የንጉሥ ወገንና የቬኒዜሎስ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ይህ ጠብ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ። ሶፉሊስ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የፓርላማ አፈ ጉባኤ ኾኑ። በ1924 ዘውዱ ወርዶ ሪፑብሊክ ከታወጀ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ላልሞላ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1935 ንጉሥ ጊዮርጊስ ዳግማዊ ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ።

በጥር 1936 በተደረገው ምርጫ ከ300 ወንበር ሁለቱ ታላላቅ ወገኖች በጣም የተቀራረበ ቁጥር አገኙ፤ ሚዛኑን የያዙት 15 ወንበር ብቻ ያገኙት ኮሙኒስቶች ነበሩ። በመጋቢት ወር ቬኒዜሎስ በፓሪስ ሲሞቱ የሊበራሎቹ ሸክም በሶፉሊስ ትከሻ ላይ ወደቀ። እርሳቸውም ከዚያ ቀደም ብለው ከኮሙኒስቶቹ ተወካይ ከስክላቬናስ ጋራ በምስጢር ተስማምተው፣ በእነርሱ ድምፅ አፈ ጉባኤ ኾነው ተመረጡ፤ በምላሹም የታሰሩትና የተጋዙት ግራ ዘመሞች እንዲፈቱ ቃል ተገባ። ነገሩ ሲሰማ የጦር አለቆቹ እጅግ ተቈጡ፤ ስምምነቱም መንግሥት ሳያቆም ቀረ። በፓርላማ ሰባት ወንበር ብቻ የነበራቸው ጄኔራል ሜታክሳስ በሚያዝያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኾኑና ነሐሴ 4 ቀን በንጉሡ ፈቃድ ፓርላማውን ዘግተው አምባገነን መንግሥት አቆሙ። ከዚያ ወዲያ ለአሥር ዓመት በግሪክ የተመረጠ ፓርላማ አልተሰበሰበም። በእኛ አስተያየት የኋላው መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ፓርቲዎች ተስማምተው መግዛት ሲያቅታቸው ንጉሡ ወደ ወታደሩ፣ ኮሙኒስቱም ወደ ስውር ሥራው ሄደ።

በ1941 ጀርመኖች አገሪቱን ያዙ። በረኀቡና በጭቆናው ጊዜ ተራራውን ይዞ የተዋጋው ትልቁ ጦር በኮሙኒስቶች የሚመራው ኤላስ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ፓርቲዎች ግን አብዛኞቹ በከተማ ተቀመጡ። ሶፉሊስም በ1944 በ83 ዓመታቸው በጀርመኖች ተይዘው በሃይዳሪ እስር ቤት ገቡ። ጀርመኖች ከወጡ በኋላ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኤላስና በእንግሊዝ ጦር የተደገፈው መንግሥት በአቴና ጎዳና ተዋጉ። በየካቲት 1945 በቫርኪዛ ዕርቅ ተፈርሞ ኤላስ መሣሪያውን አስረከበ፤ ይኹን እንጂ በየገጠሩ የንጉሥ ወገን የኾኑ ጭፍሮች ግራ ዘመሞችን ማሳደዳቸውን አልተዉም።

በኅዳር 1945 ሽማግሌው ሶፉሊስ በ85 ዓመታቸው እንደ ገና ጠቅላይ ሚኒስትር ኾኑ። ግራው ወገን ስደቱ ሳይቆም ምርጫ አይደረግ አለ፤ ከራሳቸው ሚኒስትሮችም አንዳንዶቹ ይህንኑ ደግፈው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እንግሊዞች ግን ቀኑ እንዳይለወጥ አጥብቀው ጠየቁ፤ ሶፉሊስም እሺ አሉ። መጋቢት 31 ቀን 1946 ምርጫው ሲደረግ ግራው ወገን ሳይሳተፍ ቀረ፤ በዚያ ዋዜማ ሌሊት በኦሊምፖስ ተራራ ሥር በሊቶኮሮ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ተወጋ። ከ354 ወንበር 206ቱን የንጉሥ ወገኖች ወሰዱ፤ ሊበራሎቹ 48 ብቻ አገኙ። በመስከረም የሕዝብ ድምፅ ተሰጥቶ ንጉሡ ተመለሱ። ጦርነቱም በሰሜን ተራሮች ተስፋፋ፤ የዐማፅያኑ አዛዥ ማርኮስ ቫፊያዲስ ነበሩ።

ሶፉሊስ ከመንግሥት ውጭ ኾነው ምሕረት ይታወጅ፣ ዕርቅ ይደረግ እያሉ ተከራከሩ። ከ1947 ጀምሮ በእንግሊዝ እግር የተተካችው አሜሪካ፣ መንግሥቱ የአንድ ወገን ብቻ እንዳይኾን ስላሳሰበች፣ በመስከረም ወር ሶፉሊስ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የንጉሥ ወገን መሪው ጻልዳሪስ ምክትል የኾኑበት ጥምር መንግሥት ቆመ። ወዲያው ምሕረት አወጁ፤ ከጫካ የገባው ግን ጥቂት ሰው ነው። ወደ መንደሩ ቢመለስ ማን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ገበሬ በአቴና አዋጅ ብቻ ሊታመን አልቻለም፤ የኮሙኒስቱም መሪዎች ድል እናደርጋለን ብለው ያምኑ ነበር። በታኅሣሥ 24 ዐማፅያኑ ጊዜያዊ መንግሥት ማቆማቸውን አወጁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የሶፉሊስ መንግሥት የኮሙኒስት ፓርቲን በሕግ ከለከለ። በ1936 ከኮሙኒስቶች ጋራ የተፈራረሙት እጆች ናቸው ይህን የፈጸሙት።

በግንቦት 1 ቀን 1948 የፍርድ ሚኒስትሩና የፓርቲያቸው ሰው ክሪስቶስ ላዳስ በአቴና ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ብዙ እስረኞች በሞት ተቀጡ፤ በማክሮኒሶስ ደሴትም በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ተጋዙ። ይህ ሁሉ የኾነው የዕርቅ ሰው ነኝ ባሉት ሽማግሌ ዘመን ነው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመካከላችን ብዙ ክርክር ተነሣ። ከፊላችን እርሳቸው ባይኖሩ ቀኙ ወገን ብቻውን ይገዛ ነበርና የባሰ ይመጣ ነበር ስንል፣ ከፊላችን ደግሞ መከልከል ያልቻሉትን ነገር በስማቸው ከማስፈጸም ቢለቁ ይሻል ነበር እንላለን። ስለ 1946ቱ ምርጫ ግን አልተለያየንም፤ ጥቂት ወራት ቢያዘገዩት ይሻል ነበር፤ ግራው ወገንም ባለመሳተፉ ራሱን ጐድቷል።

ሶፉሊስ ከሥልጣን ሳይወርዱ ሰኔ 24 ቀን 1949 በ88 ዓመታቸው ሞቱ። የጦርነቱን ፍጻሜ አላዩም፤ ዩጎዝላቪያ ድንበርዋን ከዘጋችባቸው በኋላ ዐማፅያኑ በነሐሴ መጨረሻ በቪትሲና በግራሞስ ተራሮች ተሸንፈው ወደ አልባንያ ወጡ። ዘውዱ በ1974 በሕዝብ ድምፅ ወረደ፤ በዚያው ዓመት የኮሙኒስት ፓርቲ እንደ ገና ተፈቀደ። ከረጅም ስደት በ1983 ወደ አገራቸው የተመለሱት ማርኮስ ቫፊያዲስ በኋላ የፓርላማ አባል ኾኑ። በመንግሥት መዝገብ እስከዚያ ድረስ የሽፍቶች ጦርነት ይባል የነበረው ደግሞ በ1989 በወጣ ሕግ የርስ በርስ ጦርነት ተብሎ ተሰየመ።