ኤድመንድ ሃሌይና የብሬስላው መዝገብ

ስለ ጅራታም ኮከብ የተማረ ሁሉ የኤድመንድ ሃሌይን ስም ያውቃል። በ1656 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በለንደን አጠገብ የተወለደው ይህ ሊቅ የሰውንም ዕድሜ አስልቷል፤ እኔን የሚደንቀኝ ይኸኛው ሥራው ነው።

ከሺህ ሕፃናት ስንቱ ለእርጅና ይበቃል? ሁሉም እስኪሞቱ ቢጠበቅ ጠያቂው ራሱ ይቀድማል። የለንደን መዝገብ አልረዳውም፤ ከሌላ አገር የሚገባው እንግዳ ብዙ ስለ ነበረ በዚያ የሚሞተው ሁሉ በዚያ የተወለደ አልነበረም። ስለዚህ እንግዳ እምብዛም የማይገባባትን ብሬስላውን መረጠ፤ ከተማዪቱ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። ቄስ ካስፓር ኖይማን ከ1687 እስከ 1691 የሰበሰቡትን የልደትና የሞት ቍጥር ይዞ፣ የአንዱን ልጅነት ከሌላው እርጅና ጋር ገጣጥሞ፣ በ5 ዓመት መዝገብ የሰውን ሙሉ ዕድሜ አሰላ። በ1693 ባወጣው ሠንጠረዥ ከ1000 ሕፃናት ለ20 ዓመት የሚደርሱት 598፣ ለ80 ዓመት የሚደርሱት 41 ብቻ ናቸው።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የዕድሜ ልክ አበል ለወጣቱም ለሽማግሌውም በአንድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሃሌይ ዋጋው እንደ ገዢው ዕድሜ ሊለያይ እንደሚገባ በቍጥር አሳየ።

በ1682 ያየው ጅራታም ኮከብም በ1758 ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። እርሱ ግን በ1742 በ85 ዓመቱ ዐረፈ። ኮከቡ በ1758 በልደት ቀን ሌሊት ታየ።