አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና ገብረ ማርያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የቅኔ መምህርና በቀልዳቸው እስከ ዛሬ የሚታወሱ ሰው ናቸው።

በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደተወለዱ ይነገራል። በጎጃም ቅኔ ተምረው በጎንደር በአታ ለማርያም አስተምረዋል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ባለመስማማታቸው ጎንደርን ለቀው በጣና እንደተቀመጡ ይተረካል። የሐይቁን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አወጡት የሚባለውን ዝማሜ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር ስላስተማረው የተክሌ አቋቋም ተብሎ ይጠራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም በቤተ መንግሥት ዘንድ የታወቁ ነበሩ።

በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ የተሠሩት በቅኔ ሥልት፣ በሰምና ወርቅ ነው። በአንዱ ተረክ፣ ተጋብዘው በሄዱበት ቤት ከመሶቡ አይጥ ብቅ ይላል። አለቃም ነውሩን በግልጽ ሳያነሡ፣ በልተው ሲያበቁ ቤቱን በግጥም ይመርቃሉ፤ ምርቃቱም አይጡ በሚል ቃል ይዘጋል። ሰሙ ባለቤቶቹ ማጣት እንዳያገኛቸው መመኘት ነው፤ ወርቁ ግን መሶብ ውስጥ የታየው አይጥ ነው። እንዲህ ሁለት ፍች የሚይዘው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። ክሮስወርድ የተባለው የጋዜጣ እንቆቅልሽም ከባዱ ዓይነት ፈቺውን የሚፈትነው በተመሳሳይ ዘዴ ነው፤ ላይ ላዩን ሌላ እያስመሰለ መልሱን ከቃሉ ውስጥ ይሸሽጋል።

ሌሎች የፈጠሯቸው ቀልዶችም በስማቸው ስለሚነገሩ፣ የአለቃ ሊቅነት በቀልደኛነታቸው ተሸፍኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ቀልዱን ያስገኘው የቅኔው ትምህርት ነው።