ቅኔ ቤት፣ እስር ቤት፣ ኤምባሲ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራቸውን ያገኙት የት ነው?

እስቲ ይህን ሲቪ አንብቡት። የቅኔ ተማሪ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ አስተማሪ፣ አርበኛ፣ የጦር እስረኛ፣ ቆንስል፣ ዲፕሎማት፣ ምክትል ሚኒስትር፣ ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። ዛሬ አንድ ቀጣሪ ይህ ወረቀት ቢደርሰው ምን የሚል ይመስላችኋል? ይሄ ሰው አንድ ቦታ አይረጋም እንዴ ብሎ ሳይጠረጥር አይቀርም።

የሲቪው ባለቤት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስማቸው ሲነሳ ሁላችንም ቀድሞ የሚመጣልን ሥራ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ደራሲ የሚል የሥራ መደብ ማንም አልሰጣቸውም፤ በደራሲነት ደመወዝ አልተቆረጠላቸውም። ይሁንና ቆንስልነታቸውን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ከስንት አንድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ያላነበበው እንኳ ያውቀዋል።

የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ይዞ የትኛውን የትምህርት ክፍል ልሙላ እያለ የሚጨነቅ፣ ባልመረጠው ዲፓርትመንት ተመድቦ የተመረቀ፣ ወይም ሥራ ይዞ እሑድ ማታ ሰኞን እያሰበ የሚከፋው ወጣት የእኚህን ሰው ሕይወት ቢያይ ይጠቅመዋል። ለኔ የሚሆነው ሥራ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ እሳቸውንም ረጅም ዘመን አስጉዟቸዋል።

የኔታ ፊት

ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። በዚያ ዘመን በጎጃም ደጋ ለተወለደ የቄስ ልጅ የሥራ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ከሱ በፊት ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ ወደ ዜማውና ወደ ቅኔው ይዘልቃል። ሐዲስም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። ሦስቱም ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም በምንለው ምድር ያሉ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ስማቸው የገነነ ቦታዎች ናቸው።

ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማለፍ አይችልም። የራሱን ፈጥሮ መምህሩ ፊት መቅረብ አለበት። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ በማግሥቱ ሌላ ይዘህ ና ይላሉ። ልጁን በየቀኑ ስለሚሰሙት ማን ለዜማ፣ ማን ለቅኔ፣ ማን ለትርጓሜ እንደሚሆን ለመለየት ብዙ አይቸገሩም። ተማሪውም አንዱ ጋ ካልሆነለት ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላው ደብር ይሄዳል። መምህር ፍለጋ መዞር እንደ ነውር አይቆጠርም፤ የትምህርቱ አካል ነው።

የሚገርመው፣ ሐዲስ ሊወለዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣቶችን ስለ ሥራ ምርጫ የሚያማክር ቢሮ ከፍቶ ነበር። ሰውየው በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሙያ ስለ መምረጥ የጻፈው መጽሐፍም በቀጣዩ ዓመት ታተመ። ሐሳቡ በሦስት መስመር ያልቃል። ራስህን እወቅ። ሥራውን እወቅ። ከዚያ ሁለቱን በማስተዋል አገናኝ። ዛሬ ካሪየር ኮቺንግ ወይም የሙያ ምክር የምንለው ነገር ከዚህ ሐሳብ ነው ያደገው። ልብ ብሎ ላየው፣ የመጀመሪያዋን መስመር የኔታ በየቀኑ ይሠሩባት ነበር። የጎደላቸው ሁለተኛዋ ናት። ከደብሩ ውጭ ምን ሥራ እንዳለ፣ ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ ለተማሪው የሚነግረው አልነበረም።

ሐዲስ ያንን ፍለጋ አዲስ አበባ ገቡ። መጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን፣ ቀጥሎ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉም ተውኔት ጽፈው መድረክ ላይ አወጡ። ጻፍ ብሎ ያዘዛቸው የሥራ ኃላፊ አልነበረም፤ ከቅኔ ቤት ይዘውት የመጡት ልማድ ነው እዚህ መልኩን ቀይሮ የወጣው። ከዚያ ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ።

ምርጫ የሌለበት ዘመን

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ወረረ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ሐዲስም አብረው ዘመቱ። ሰሜን ላይ ከተሸነፉ በኋላ ትግሉ ወደ ምዕራብ ዞረ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጅ ለመስጠት ሲገደዱ ሐዲስም ተማረኩ። ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። የተፈቱት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ጣሊያን ሲገባ ነው።

ቁጥሩን አስቡት። ከ27 ዓመታቸው እስከ 34 ገደማ፣ ማለትም ዛሬ አንድ ወጣት ልምድ ሰበሰብኩ፣ ደረጃ አደግኩ፣ ቤት ሠራሁ በሚልበት ዕድሜ፣ እሳቸው ባሕር መሐል ታስረው ነበር። ዕድሜዬ አለፈ፣ ጓደኞቼ ቀደሙኝ ለሚል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ዘመን ግን ባክኖ አልቀረም። ከብዙ ዓመት በኋላ «ትዝታ» ብለው ባሳተሙት መጽሐፍ ጦርነቱንና ምርኮውን ለኛ ለማናውቀው አስቀመጡልን።

ከምርኮ ሲመለሱ አገር የተማረ ሰው የጠማት ጊዜ ነበር። ሐዲስ ውጭ ጉዳይ ገቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፣ በአሜሪካ ኢትዮጵያን ወክለው ሠሩ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀመጡ። አገር ቤት ተመልሰው የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ለንደን አምባሳደር ሆነው ሄዱ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የተሳካለት ሕይወት ነው፤ ወላጅ ልጄ እንዲህ በሆነልኝ ብሎ የሚመኘው ዓይነት።

በመሐል ግን አንድ የማይገጥም የሚመስል ነገር አለ። ይህ ትልቅ ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ዲፕሎማሲ አልነበረም። «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍ ነው። ዕድሜያቸው 46 ነበር።

የሙያ አማካሪ የሚባል ሰው ሥራው ይህን ዓይነቱን ነገር ማየት ነው። ብዙዎቻችን ኮች ሲባል ሐኪም ሁን፣ አካውንቲንግ ግባ እያለ የሚወስንልን ሰው ይመስለናል። ጥሩ አማካሪ አይወስንም፤ ይጠይቃል። የያዝከውን ማዕረግ ተወውና ቀኑን ሙሉ ምን ስታደርግ ነው ሰዓቱ የሚሄድብህ ይላል። ማንም ሳያዝህ፣ ማንም ሳይከፍልህ የምትሠራው ምንድን ነው ይላል። ሰዎች ቸገረን ብለው አንተ ጋ የሚመጡት ለየትኛው ጉዳይ ነው ይላል። መልሶቹን ደርድሮ በመሐላቸው የሚመላለሰውን ነገር አብሮህ ይፈልጋል። የሐዲስን ሲቪ በዚህ ዓይን ስታዩት አይረጋም የተባለው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ቅኔው፣ ተውኔቱ፣ ተረቱ ሁሉም ቃል ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ይቀያየር ነበር እንጂ ሥራቸው አልተቀየረም።

በዛብህን ማን መረጠለት?

በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ሐዲስ 56 ዓመታቸው ነበር። ለንደንንና ኒውዮርክን ያዩት ሰው የጻፉት ስለ ለንደን አልነበረም። ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ፣ ስለ ቅኔ ተማሪና ስለ ባላባት ቤት ጻፉ። ከጎጃም ርቀው የኖሩበት ዘመን ጎጃምን አጥርተው እንዲያዩ ሳይረዳቸው አልቀረም።

መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገን እናነበዋለን። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ፣ በቃ። ግን በዛብህን እንደ አንድ ሥራ ምርጫ ላይ እንዳለ ወጣት አንብቡት። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጥተውታል። ክፋት አስበው አይደለም፤ በፍቅርና በፍርሃት ነው። ልጁ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ትምህርቱም ይገባዋል። ስለዚህ ማንም ምን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀውም። ልቡ ወደ ሌላ ሲሄድ የወላጆቹ ቃል ይከተለዋል፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ ያቅተዋል። የስለት ልጅ መሆን ለሱ የሕይወት ዘመን የሥራ ውል ሆነበት፤ ያልፈረመው ውል።

ዛሬ ስለቱ መልኩን ቀይሮ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ልጃችን ዶክተር ይሆናል ብሎ ለጎረቤት የተናገረ ቤተሰብ ስለት ተስሏል። ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ለማይወደው ትምህርት የተመደበ ልጅ በዛብህ ነው። መቻል እና መሆን ይለያያሉ። አንድን ነገር ስለቻልነው ብቻ የኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያቆስል ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ወላጅም ጓደኛም ያልሆነ፣ በውሳኔው ምንም የማያተርፍና የማይከስር። የሙያ ምክር ትልቁ ጥቅሙ ምናልባት ይሄ ነው።

ወንበሩን መተው

በ1966ቱ አብዮት ማግሥት ሐዲስ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት እንደታጩና ሹመቱን እንዳልተቀበሉ በሕይወት ታሪካቸው በሰፊው ይወሳል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። የአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ወንበሮች አንዱ ቀርቦላቸው ተዉት። ራሱን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል አይገፋም፤ ማዕረጉ ይጎትተዋል። እሳቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸው ምን እንደሚችሉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሆኑ ያወቁ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩት። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም. ወጣ፣ 72 ዓመታቸው ነበር። «የልም እዣት» በ1980፣ በ78 ዓመታቸው። «ትዝታ» በ1985፣ በ83 ዓመታቸው። ሰው ጡረታ ወጥቶ በሚያርፍበት ዕድሜ እሳቸው ዋና ሥራቸው ላይ ነበሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሰው ቤት ሳይቀር ገባ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ስሙን ብትጽፉ ያው ድምፅ ይመጣል።

ይህን ስል ግን ነገ ጠዋት ሥራችሁን ልቀቁ ማለቴ አይደለም። ሐዲስ እንጀራቸውን ረግጠው ደራሲ ለመሆን አልወጡም። የያዙትን የመንግሥት ሥራ እየሠሩ፣ ሌላውን በጎን እየሞከሩ ነው የሄዱት። መጀመሪያ ተውኔት፣ ቀጥሎ ተረት፣ ከዚያ ትልቁ ልብ ወለድ። የሙያ አማካሪዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ሥራውን ከሚሠራ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ውሎው እውነት ምን እንደሚመስል ጠይቁ። በትንሹ ሞክሩት። ያልሆነውንም መዝግቡት፤ እሱም መልስ ነው።

ሌላም እውነት አለ። ምክር የሥራ ቦታ አይፈጥርም። ክፍት የሥራ ቦታ በሌለበት ከተማ ራስን ማወቅ ብቻውን ምሳ አይሆንም። ግን ያለችው አንዲት ዕድል ስትመጣ ለኛ ትሁን አትሁን ለመለየት፣ ያልሆነችውንም ቢሆን ለምን እንደያዝናት እያወቅን ለመያዝ ይረዳል። በየዩኒቨርሲቲው የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል እየተባለ የተከፈተ ቢሮ አለ። ብዙ ተማሪ በሩን የሚያንኳኳው ሊመረቅ ወር ሲቀረው፣ ሲቪ አሠሩኝ ለማለት ነው። ገና አንደኛ ዓመት ላይ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብሎ ቢገባ የተሻለ ይጠቀማል። ቢሮ የሌለበት ደግሞ በሙያው የሸመገለ መምህር ወይም በዕድሜ የሚበልጥ የሥራ ሰው አለ። የኔታ ዛሬም አልጠፉም፤ የኛ ተማሪነት ነው የላላው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በኅዳር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ በተወለዱበት አገር ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። ይህ ሁሉ ክብር የመጣው ሲቪያቸው ላይ ካልነበረችው ሥራ ነው።

እሳቸው 56 ዓመት ሞልቷቸው ትልቁን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ ዕድሜም ጤናም ስለተሰጣቸው ደረሱበት። የሚያስፈራው ያልደረሱት ናቸው። በየደብሩ፣ በየቢሮው፣ በየሱቁ የትኛው ሥራ የኔ ነው የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቃቸው ያለፉ ስንት አሉ? እናንተ ግን ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ አንድ ባዶ ገጽ አውጡና ማንም ሳያዛችሁ የሠራችኋቸውን አምስት ነገሮች ጻፉ። ከዚያ ለምታምኑት አንድ ሰው አሳዩትና እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል ብላችሁ ጠይቁት።