ዶክተር ጆን ስኖውና የኮሌራው ካርታ

ጆን ስኖው በ1813 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ከድኃ ወዛደር ቤተ ሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ከአንድ ሐኪም ዘንድ ገብቶ ሙያ ይማር ጀመር። በኋላም ሎንዶን ገብቶ በማደንዘዣ መድኃኒት ዐዋቂነት ስሙ ገነነ፤ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጠ እርሱ ነው። ዛሬ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በአንድ ካርታ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች ኮሌራ ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ስኖው ግን ከውሃ ነው ብሎ በ1849 ቢጽፍም የተቀበለው ጥቂት ነው። በ1854 በኦገስት መጨረሻ በብሮድ ጎዳና ሰፈር በሽታው ተነሥቶ በ10 ቀን ከ500 ሰው በላይ ፈጀ። ስኖው የሟቾቹን ዝርዝር ይዞ፥ ውሃ የቀዱት ከየት እንደ ሆነ ቤት ለቤት ጠየቀ። ነገሩ ወደ አንድ የጉድጓድ ፓምፕ አመራ፤ በሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ስለ ነበረ፥ ሰፈሩን ያዳነው እጀታው ብቻ ነው ማለት ግን ይበዛል።

ካርታው የታተመው በ1855 ነው። በአንድ ቤት ብዙ ሰው ሞቶ ሳለ በቤቱ ላይ ነጥብ በነጥብ ቢደራርብ ኖሮ፥ አንዱ ሟች ሌላውን በሸፈነ ነበር። እርሱ ግን ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አጭር ጥቁር መስመር ሰጥቶ፥ በየደጃፉ እንደ አነባበሮ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረ። በፓምፑ ዙሪያ ክምሩ በዛ፤ ራቅ ሲል ሳሳ። ከ70 በላይ ሠራተኞች የነበሩት የቢራ ፋብሪካ ግን ሟች አልነበረበትም፤ ሠራተኞቹ ቢራ እየጠጡ ወደ ፓምፑ አይሄዱም ነበርና። ስኖው ራሱ መጠጥን የሚቃወም ሰው መሆኑ ያስገርማል።

ዛሬ ካርታ በኮምፒዩተር ቢሠራም ያው ችግር አለ። በመቄት ወረዳ የአተት ሕሙማንን በየቀበሌያቸው ብንመዘግብ፥ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሁሉ አንድ የቦታ ቍጥር ይይዛሉ፤ 20 ነጥብ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቅና በፍላቂት ላይ አንድ ብቻ ይታያል። ስለዚህ አስቀድሞ ቍጥራቸው አንድ የሆኑትን መፈለግና መቍጠር፥ ከዚያም ነጥቡን በብዛታቸው ልክ ማተለቅ ወይም ነጥቦቹን ፈልቀቅ አድርጎ መበተን ያስፈልጋል።

ስኖው በ1858 በ45 ዓመቱ ሞተ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የኮሌራን ተሕዋሲ ለይቶ ሲያሳውቅ ጊዜው 1884 ነበር።