ስሟን የወሰደችባት አሮጊት

ኻልዳ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን በደንብ የምታውቁት ሰዓት አለ። እራት ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ሻዩ ሳሎን ከገባ በኋላ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሙሰልሰሉ ጀመረ ማለት ነው። ማዳም አትጣራም፤ ልጆቹም ዝም ይላሉ። እናንተም ልብስ እያጣጠፋችሁ በበሩ ክፍተት አንድ ሁለት ትዕይንት ታያላችሁ። ብዙዎቻችሁ ዐረብኛውን የለመዳችሁት ከዚያው ነው።

በአገሩ የቆያችሁ በ2008 ዓረቡን አገር ሁሉ ያነቃነቀውን «ኑር» የተባለውን የቱርክ ድራማ አትረሱትም። በሶርያ ዐረብኛ ተተርጉሞ የቀረበ ነበር። ባልየውን ሙሃነድ እንለው ነበር። የተዋናዩ ስም ኪቫንች ታትሊቱ ነው፤ በቱርክኛው ድራማ ውስጥ እንኳ ስሙ መህመት እንጂ ሙሃነድ አልነበረም። ግን አማን ታክሲ ውስጥ ኪቫንች ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሙሃነድ ስትሉ ግን ሾፌሩ ዞር ይላል።

ሰው በሌላ ስም ሲጠራ መኖር ምን እንደሚመስል ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በገባችሁበት ቤት ስማችሁ ለአፍ አልተመቸም ተብሎ ሌላ ስም የወጣላችሁ ካላችሁ፣ የዛሬዋን ባለታሪክ ከሌላው አንባቢ ቀድማችሁ ትረዷታላችሁ። ቫዮሌት ካርሰን ትባላለች፤ እንግሊዛዊት ናት። ካረፈች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል። በአገሯ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ በጣም ከሚታወቁት ፊቶች አንዱ የእርሷ ነበር፤ ሰው ግን በመንገድ ላይ ሲያገኛት የሚጠራት በስሟ አልነበረም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቫዮሌት የተወለደችው መስከረም 1 ቀን 1898 በማንቸስተር ከተማ፣ አንኮትስ በሚባል የፋብሪካ ሠፈር ነው። እናቷ መዝፈን ትወድ ስለነበር ቤቱ ሙዚቃ አያጣም። ቫዮሌት ከእህቷ ከኔሊ ጋር ገና በልጅነቷ ሰው ፊት ቆማ ትዘፍን ጀመር፤ ፒያኖም ተማረች። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሲኒማ ቤት ተቀጠረች። የተቀጠረችው ለትወና አይደለም። ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውምና ከመጋረጃው ሥር የተቀመጠ ፒያኖ መቺ ነበር ለተመልካቹ የሚያለቅስለት፣ የሚሮጥለት፣ የሚስቅለት። ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ የሌሎችን ፊት እያየች በጣቶቿ ታጅብ ነበር።

በ1926 ጆርጅ ፔፕሎ የሚባል ሰው አገባች። ብዙም ሳይቆይ በ1928 ሞተባት። ሠላሳ ዓመት ገደማዋ ነበር። ልጅ አልነበራትም፤ ዳግመኛም አላገባችም። በዚያው ዘመን ድምፅ ያለው ፊልም መጣና የሲኒማ ፒያኖ መቺዎች እንጀራ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቷ ክፍል ረጅም ነው፤ ዛሬ ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። በ1935 ማንቸስተር በሚገኘው የቢቢሲ ራዲዮ ገባች። ለልጆች በሚተላለፈው ፕሮግራም ላይ ፒያኖ ትመታለች፣ ትዘፍናለች፣ ትተውናለች፤ የእንግሊዝ ልጆችም አክስቴ ቫይ እያሉ አደጉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለ ሰው ከከተማ ከተማ እየዞረ ተራውን ሕዝብ ጥያቄ እየጠየቀ የሚሸልምበት ዝነኛ የራዲዮ ፕሮግራም ነበር፤ እዚያም ፒያኖው ላይ የምትቀመጠው እርሷ ሆነች። አገር ሁሉ ድምፅዋን ያውቃል፤ መልኳን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የራዲዮን ነገር እኛም እናውቀዋለን። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲያነብ ያደመጠ ሰው፣ ዛሬም መጽሐፉን ሲገልጥ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ጉዱ ካሳ በእርሱ ድምፅ ካልተናገረ ጉዱ ካሳ አይመስለንም። እንዲህ ያለ ዝና ደስ ይላል፤ ሰውየውን በስሙ እያስጠራ ይኖራልና። ቫዮሌትም እስከ 62 ዓመቷ የነበራት ዝና ይህን የመሰለ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ አበባውን ይኮተኩታል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ይምጣ። ቶኒ ዋረን ይባላል፤ ዕድሜው 24 ነው። በልጅነቱ በዚያው በቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ላይ ይተውን ነበርና አክስቴ ቫይን ያውቃታል፤ አንድ ቀን ሲያስቸግር ቂጥህን እገርፍሃለሁ ብላ አስፈራርታዋለች ይባላል። ካደገ በኋላ ግራናዳ ለሚባለው የማንቸስተር ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ሐሳብ አመጣ። በአንድ ጠባብ የሠራተኞች መንደር ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሰዎችን ኑሮ የሚያሳይ ድራማ ነው፤ ጌቶችና እመቤቶች የሉበትም፣ ንግግሩም ማንቸስተሮች እንደሚናገሩት ነው። የጣቢያው አለቆች ይህን ማን ያያል አሉ። ተከራክሮ ለጥቂት ክፍሎች ብቻ ተፈቀደለት። ድራማው በመጀመሪያ ፍሎሪዘል ስትሪት ሊባል ነበር፤ የጣቢያው ሻይ አቅራቢ ሴት ግን ስሙ የማጽጃ ፈሳሽ ይመስላል ብላ አጣጣለችው፤ ኮሮኔሽን ስትሪት ተባለ። ሻይ የምታቀርብ ሴት አስተያየት የሚሰማበት ቤት መኖሩ አያስደስትም?

በድራማው ውስጥ ኢና ሻርፕልስ የምትባል አሮጊት አለች። የአንዲት ትንሽ የጸሎት አዳራሽ ጠባቂ ናት። የመንደሩን ገመና ታውቃለች፣ ሁሉንም ትወቅሳለች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። በየመንደራችን አንዲት አትጠፋም፤ በእናንተም ሠፈር ማን እንደነበረች አሁን ትዝ ብሏችኋል። ብዙ ተዋንያት ተሞከሩ፤ አንዳቸውም አልሆኑም። ዋረን በመጨረሻ ያቺን የምታስፈራራውን አክስት አስታወሰ። ቫዮሌት መጥታ አነበበች፤ ፍለጋው በዚያው አበቃ።

አርብ ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ክፍል በቀጥታ ተላለፈ። ቀጥታ ማለት ዛሬ እንደለመድነው አይደለም፤ ቃል ብትስት መልሳ የምትቀርጸው የለም፤ የተናገረችው ሁሉ በዚያች ሰከንድ በየቤቱ ገብቷል። በማግስቱ የአንድ ትልቅ ጋዜጣ ሐያሲ ድራማው ዕድሜ እንደማይኖረው ጻፈ። ኮሮኔሽን ስትሪት ከ60 ዓመት በኋላም መታየቱን አላቆመም፤ ከዓለም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ረጅም ዕድሜ ያለው ተብሎም ተመዝግቧል። ይህችን ነገር ለሐያሲዎች ሁሉ ብናስታውሳቸው አይከፋም።

ኢና ካባ የመሰለ ወፍራም ኮት ትለብሳለች፣ ፀጉሯን በመረብ ትሸፍናለች፣ ፊቷ ፈገግታ አያውቅም። ማታ ማታ ሚኒ እና ማርታ ከሚባሉ ሁለት ጓደኞቿ ጋር በመጠጥ ቤቱ ጓዳ ተቀምጣ ጥቁር ቢራዋን እየቀመሰች የመንደሩን ሰው ታማለች። እንግሊዞች ይህን ሲያዩ እናታቸውን፣ አያታቸውን፣ ጎረቤታቸውን አዩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ድራማው በአገሩ ከሚታዩት ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። በ1961 ብላክፑል የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በየዓመቱ መንገዷን የምታስጌጥበትን የመብራት በዓል እንዲከፍቱ ከሚጋበዙት ታላላቅ ሰዎች ተራ ገባችና መብራቱን አበራች።

ፀጉሯን ከመረቡ ስታወጣ ግን ቫዮሌት ሌላ ሰው ነበረች። በሥርዓት የተያዘ ነጭ ፀጉር፣ ጥሩ ልብስ፣ የተገራ ድምፅ። ፒያኖ የምትጫወት፣ መንፈሳዊ መዝሙር የምትዘምር ሴት ናት፤ በኋላም በእሁድ መንፈሳዊ ፕሮግራም ላይ ቀርባ ዘምራለች። ሰው ያየው ግን መረቡን ብቻ ነው። ሱቅ ብትገባ ኢና፣ ባቡር ብትሳፈር ኢና። ከ25 ዓመት በላይ በራዲዮ የሠራችው፣ ልጆች አክስቴ ያሏት ሴት ተረሳች። እርሷም ይህን አልደበቀችም፤ ኢና ሻርፕልስ ቫዮሌት ካርሰንን እንዳጠፋቻት በምሬት ተናግራለች።

ይህን ቅሬታ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ገንዘብና ዝና ያገኘች ሴት ምን አጣች? እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ግን አስቡት፤ ሰው 62 ዓመት የሠራው ሁሉ በአንድ የፀጉር መረብ ሲሸፈን ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታችን አጋማሽ አካባቢ በኢትዮጵያ ራዲዮ የተላለፈውን የቀን ቅኝት የተከታተላችሁ ፍቅርቴን ታስታውሳላችሁ፤ አብራችኋት አልቅሳችኋል። ፍቅርቴን የተጫወተችውን ተዋናይት ስም ግን ስንቶቻችን እንጠራለን?

ኢናን ለምን አልተወቻትም ብትሉ፣ መልሱ አንድ አይመስለኝም። እንጀራ ነው፤ የለመደችው የሥራ ባልደረባም አለ። ደግሞ ገጸ ባሕርይዋን ትጠብቃት ነበር፤ ለአሮጊቷ የማይመጥን ቃል ሲጻፍላት ዝም ብላ የምትቀበል ሴት አልነበረችም። ጓደኛዋን ማርታን የምትጫወተው ተዋናይት በ1964 ከድራማው እንድትወጣ ሲወሰን ማርታ በዚያው በመጠጥ ቤቱ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ሞተች። ሦስቱ ሁለት ሆኑ፤ ተመልካቹም የገዛ ዘመዱ የሞተ ያህል አዘነ። የድራማ አለቆች በአንድ ስብሰባ የአንድ ሰው እንጀራ እንዲህ ይቆርጣሉ። ቫዮሌት ይህን ከጎን ሆና አይታለች።

በ1965 ንግሥቲቱ ኒሻን ሸለመቻት።

በ1970ዎቹ ጤናዋ ታወከ፤ ከድራማው እየራቀች፣ እየተመለሰች ቆየች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ሚያዝያ 1980 ነው፤ 81 ዓመቷ ነበር። በታሪኩ መሠረት ኢና ሴንት አንስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለጊዜው ሄደች። ቫዮሌት ግን ታመመችና አልተመለሰችም። ደራሲዎቹም ኢናን አልገደሏትም፤ ቀብር አላሳዩም፤ ሻንጣዋን ይዛ እንደወጣች ቀረች።

በዚህ መካከል ወደ ዮርዳኖስ ልመልሳችሁ፤ ይህ የእንግሊዝ ድራማ ነገር ከእናንተ በጣም የራቀ አይደለም። ከኻልዳ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ብትሄዱ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ማዳባ ትደርሳላችሁ፤ የጥንት የጠጠር ሥዕል ካርታ ያለባት ከተማ ናት። ናዲም ሳዋልሃ በ1935 የተወለደው እዚያ ነው። እንግሊዝ አገር ሄዶ ትወና ተማረ፣ በብዙ ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ሠራ። ልጁ ናዲያ ደግሞ የኮሮኔሽን ስትሪት ዋና ተፎካካሪ በሆነው ኢስትኤንደርስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጫውታለች። ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥን አቅራቢ ሆነች፤ ዛሬ እንግሊዞች የሚጠሯት ናዲያ ሳዋልሃ ብለው ነው። የማዳባው ሰው ልጅ ከድራማው ስሟን ይዛ ወጣች። የማንቸስተሯ ቫዮሌት አልቀናትም።

ቫዮሌት የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው ከብላክፑል ዳር ባለችው ቢስፓም፣ በልጅነት አብራት ከዘፈነችው ከእህቷ ከኔሊ ጋር ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 1983፣ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ቤቷ ውስጥ አረፈች። 85 ዓመቷ ነበር።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። በ1964፣ የኢና ዝና በናኘበት ጊዜ፣ ሳም ማክግሬዲ የሚባል የታወቀ ጽጌረዳ አዳቃይ አዲስ ዝርያ አወጣ። ለስላሳ ሮዝ ሆኖ ውስጡ ወደ ኮክ ቀለም የሚያደላ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ ኢና ሻርፕልስ ቢለው ገበያው ይደራለት ነበር። በመለያ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን ቫዮሌት ካርሰን ብሎ ነው።